ምቱ ግፊቱን ሲቀድመው

118 እና 104። በአንድ የድንገተኛ ክፍል ካርድ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፉ ሁለት ቁጥሮች ናቸው እንበል። የመጀመሪያው በደቂቃ የተቆጠረ የልብ ምት ነው፤ ሁለተኛው የደም ግፊት የላይኛው ልክ። ባለ ካርዱ ከመተሐራ ወደ አዳማ ሲመጣ የተሳፈረበት ሚኒባስ ከአይሱዙ ጋር የተጋጨበት የ26 ዓመት ወጣት ነው። ይናገራል፤ ስሙን፣ ቀኑን፣ የእናቱን ስልክ ቁጥር ያውቃል። የሚታይ ደም የለውም፤ ግራ ጎኑን ብቻ ጨብጦ ይዟል። ውሃ ውሃ ይላል። አጠገቡ ግንባሩ የተተረተረ፣ ሸሚዙ በደም የራሰ ሌላ ተጎጂ እየጮኸ ስለሆነ የሰው ሁሉ ዓይን ወደዚያ ነው። ወጣቱ "ግፊቱ ደህና ነው" ተብሎ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራውን ሊጠብቅ ይችላል።

ነገር ግን 118 ከ104 ይበልጣል። ጤነኛ ሰው ዐርፎ ተቀምጦ ሲለካ የልብ ምቱ 70 ቢሆን የላይኛው ግፊቱ 120 ገደማ ነው፤ ምቱ ከግፊቱ በብዙ ያንሳል። ሁለቱ ቦታ ሲለዋወጡ ሰውነት ደም እያለቀበት ልቡን በማስሮጥ ጉድለቱን እየሸፈነ መሆኑን ሊናገሩ ይችላሉ። የወጣቱ ጣፊያ ተቀድዶ ሆዱ ውስጥ ደም እያጠራቀመ ከሆነ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚያሳብቁት ላቦራቶሪውም አልትራሳውንዱም ሳይሆኑ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። "ሆድ ይፍጀው" የሚለው አነጋገር እዚህ ቃል በቃል ይደርሳል፤ ሆድ ሊትሮችን ውጦ ዝም ማለት ይችላል።

ታዲያ ነርሷ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የምትለካቸው ነገሮች፣ ባለሙያዎቹ ቫይታል ሳይን የሚሏቸው የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ የአተነፋፈስ ፍጥነትና የሰውነት ሙቀት፣ ተጎጂው ደም እንደሚያስፈልገው አስቀድመው ሊነግሩን ይችላሉ? ከቻሉስ ምን ያህል ይታመናሉ? ጥያቄው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተጠንቷል። ለአዳማና ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ግን ከመጽሔት ገጽ ያለፈ ጉዳይ ነው።

አዳማን ያሳደጋት መንገድ ነው። የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ሲሆን፣ ተሳቢውና ቦቴው ከሞጆ ተነሥቶ በአዳማ፣ በወለንጪቲና በመተሐራ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሞጆ ወደ ደቡብ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነጌሌ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ የሚዘልቀው መንገድ ደግሞ የአበባና የአትክልት እርሻውን፣ የገበያ ቀኑን ሕዝብ፣ ጋሪውን፣ ባጃጁንና ከባዱን መኪና አንድ ላይ ያስተናግዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ ከ100,000 ሕዝብ 26.7 ሰው በየዓመቱ በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል። ባቱ አካባቢ የተጎዳ ሰው ወደ አዳማ ሪፈር ቢባል ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ከመተሐራም ርቀቱ ከዚያ ብዙ አያንስም። የሚደርሰው፣ ብዙ የአዳማ ሰው በቀድሞ ስሙ ኃይለ ማርያም ማሞ ብሎ ወደሚጠራው ወደ አዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ነው። እዚያ ከመድረሱ በፊት ያለፈው ጊዜ ሁሉ ከደሙ ላይ የሚቀነስ ነው።

ሰውነት ደም ሲያጣ የሚያደርገው ነገር ሥርዓት አለው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ሊትር ገደማ ደም አለው። በዓለም ዙሪያ ለአደጋ ሐኪሞች የሚሰጠው ኤቲኤልኤስ የተባለው ሥልጠና መድማትን በአራት ደረጃ ይከፍለዋል። እስከ 15 በመቶ፣ ማለትም ሦስት ሩብ ሊትር ገደማ ሲፈስ፣ ቁጥሮቹ ላይ ብዙም ለውጥ አይታይም። ከ15 እስከ 30 በመቶ ሲደርስ ልብ ይፈጥናል፤ እጅና እግር ይቀዘቅዛል፤ የላይኛው ግፊት ግን ባለበት ሊቆይ ይችላል። ግፊቱ በግልጽ የሚወርደው ከ30 በመቶ በኋላ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ግፊት እስኪወርድ የጠበቀ ሐኪም አንድ ሊትር ተኩል ደም እስኪፈስ ጠብቋል ማለት ነው።

ሥልጠናው ራሱ ከአሳዛኝ አጋጣሚ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1976 ጄምስ ስታይነር የተባለ አሜሪካዊ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ቤተሰቡን አሳፍሮ የሚያበራት ትንሽ አውሮፕላን በኔብራስካ እርሻ ላይ ወደቀች። ባለቤቱ ሞተች፤ ልጆቹ ክፉኛ ተጎዱ። በገጠሩ ሆስፒታል የተደረገላቸው አቀባበል ሐኪሙን አስቆጣው። "እኔ ሜዳ ላይ ያደረግሁላቸው ሆስፒታሉ ካደረገላቸው ከተሻለ፣ መለወጥ ያለበት ነገር አለ" በሚል ስሜት የተነሣው ጥረት ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ሥልጠና ሆነ። ነገሩ የተጀመረው ለትልልቅ ከተሞች ሳይሆን ለገጠር ሆስፒታል መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል፤ ጥያቄው ከጥንቱም መቂን የሚመስሉ ቦታዎች ጥያቄ ነበር።

መለኪያውም የራሱ ታሪክ አለው። በክንድ ላይ የሚጠመጠመውንና በአየር የሚነፋውን የግፊት መለኪያ ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ የአገሩ ጦር አድዋ ላይ ድል በተመታበት በዚያው ዓመት። ሩሲያዊው ኒኮላይ ኮሮትኮፍ እ.ኤ.አ. በ1905 በጆሮ ማዳመጫ ማዳመጥን ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ዘዴው በመሠረቱ አልተለወጠም።

ሁለቱን ቁጥሮች ማጋባትን ያመጡት አልጎወርና ቡሪ የተባሉ ሐኪሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመንኛ ባሳተሙት ጽሑፍ የልብ ምትን ለላይኛው ግፊት ማካፈልን ሐሳብ አቀረቡ፤ ውጤቱ የሾክ ኢንዴክስ ተባለ። በጤነኛ ሰው ከ0.5 እስከ 0.7 ነው። ወደ 0.9 ሲጠጋ ያሳስባል፤ 1 ሲሞላ ያስደነግጣል። የመተሐራው ወጣት 118 ለ104 ሲካፈል 1.13 ነው። የዚህ መለኪያ ውበቱ ካልኩሌተር አለመፈለጉ ነው፤ "ምቱ ከግፊቱ በልጧል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ይበቃል። በልጦ ከሆነ 1 ታልፏል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች በአብዛኛው ይህን ቀላል ሐሳብ አጠናክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጀርመን የአደጋ መዝገብን የተጠቀሙ ተመራማሪዎች ከ21,000 በላይ ተጎጂዎችን በሾክ ኢንዴክሳቸው በአራት መደቡ፦ ከ0.6 በታች፣ ከ0.6 እስከ 1፣ ከ1 እስከ 1.4፣ ከዚያ በላይ። ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው በተሻገሩ ቁጥር የሚሰጠው ደምም የሚሞተው ሰውም ጨመረ። ከነባሩ የአራት ደረጃ ሠንጠረዥ ያልተናነሰ ሥራ ይሠራል ነው ያሉት፤ ለዚያውም በሁለት ቁጥር ብቻ። ከዚያ ቀደም ብሎ አሜሪካ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ "90 ካልወረደ ግፊቱ ደህና ነው" የሚለውን የቆየ ልማድ ነቅንቀውት ነበር። በአደጋ ተጎጂዎች ላይ የሞት አደጋ መጨመር የሚጀምረው ግፊቱ 110 አካባቢ ሲደርስ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት አሳየ። 104 "ደህና" አይደለም ማለት ነው።

ሌላው መንገድ ነጥብ መስጠት ነው። ከብዙዎቹ የነጥብ ዘዴዎች ለእኛ አገር ሁኔታ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ኤቢሲ የተባለው ነው። አራት ጥያቄ አለው፦ ጉዳቱ የሚወጋ ነገር ያደረሰው ነው? የላይኛው ግፊት 90 ወይም ከዚያ በታች ነው? የልብ ምቱ 120 ወይም ከዚያ በላይ ነው? አልትራሳውንድ ሆድ ወይም ደረት ውስጥ ደም አሳይቷል? ሁለትና ከዚያ በላይ "አዎ" ከተገኘ ተጎጂው በ24 ሰዓት ውስጥ 10 ከረጢትና ከዚያ በላይ ደም ሊያስፈልገው ይችላል ተብሎ ይታሰባል። በመጀመሪያው ጥናት ዘዴው ብዙ ደም ካስፈለጋቸው 100 ሰዎች 75ቱን ያዘ፤ ካላስፈለጋቸው 100 ሰዎች ደግሞ 86ቱን በትክክል ለየ። ጀርመኖች የሠሩት ታሽ የተባለው ዘዴ ሄሞግሎቢንን፣ የደምን የአሲድ ሚዛን፣ የጭንና የዳሌ ስብራትን ጨምሮ ስለሚቆጥር የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ያስጠብቃል። በጭንቅ ሰዓት መጠበቅ ከሁሉ የከፋው ነገር ስለሆነ፣ ቀላሉ ዘዴ ከረቀቀው ብዙም ሳያንስ መገኘቱ ትልቅ ዜና ነበር።

እነዚህ ዘዴዎች ግን አንድ ነገር ታሳቢ አድርገው የተሠሩ ናቸው፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ደም አለ። ትንበያው የሚፈለገው 10 ከረጢት አንድ ላይ እንዲወጣ ለማዘዝ ነው። ኤቢሲ ብዙ ደም ያስፈልገዋል ካላቸው ሰዎች ግማሽ ገደማ ያን ያህል ላይፈልጉ ይችላሉ፤ በአሜሪካ ከተሞች፣ በናሽቪል ወይም በሂዩስተን፣ የተረፈው ተመልሶ ማቀዝቀዣ ይገባል። በስምጥ ሸለቆ ከተማ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። አንድ ሰው 10 ከረጢት ይፈልጋል ወይ ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። ትርጉም ያለው ጥያቄ ይህ ነው፤ ይህ ሰው አንድ ወይም ሁለት ከረጢት ይፈልግ ይሆን? ከፈለገ ደሙ ያለው እዚህ ነው ወይስ አዳማ? መኪናው አሁን ይነሣ ወይስ ውጤት ይጠበቅ? ከውጭ የተቀዳ ነጥብ በቀጥታ ቢሠራበት መስፈርቱ በጣም ከፍ ያለ ይሆንና ሁለት ከረጢት የሚያድነውን ሰው ያሳልፋል። ለዚህ አገር 0.9 ከ1.4 የበለጠ ዋጋ ያለው ቁጥር ነው።

ባልቲሞር ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የአደጋ ማዕከል ደግሞ ሌላ መንገድ ሞክሯል። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ የሚያወጣውን ሞገድ በኮምፒውተር ያለማቋረጥ መዝግበው፣ ተጎጂው በደረሰ በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ብቻ ደም እንደሚያስፈልገው መተንበይ ይቻል እንደሆነ ፈተኑ። ተስፋ የሚሰጥ ውጤት አገኙ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የገባባቸው ብዙ ተመሳሳይ ሥራዎች ወጥተዋል። ከነዚህ ሥራዎች የሚወሰደው ትምህርት ግን ኮምፒውተሩ አይደለም። አንድ ጊዜ የተለካ ቁጥር ፎቶግራፍ ነው፤ ተደጋግሞ የተለካ ፊልም ነው። ያንን ፊልም መተሐራ ያለች ነርስ በየ10 ደቂቃው በመለካትና ሰዓቱን በመጻፍ ልታገኘው ትችላለች። የወጣቱ 118 እና 104 ከ40 ደቂቃ በኋላ 128 እና 92 ከሆኑ ኢንዴክሱ ከ1.13 ወደ 1.39 ወጥቷል። ይህን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ቁጥር መጻፉ ነው።

እዚህ ላይ ክንዱን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የግፊት መለኪያው ጨርቅ በጃኬት ላይ ሲጠመጠም፣ ለወፍራም ክንድ ጠባብ ጨርቅ ሲደረግ ቁጥሩ ይሳሳታል፤ ጠባብ ጨርቅ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። በራሱ የሚነፋው ኤሌክትሮኒክ መለኪያ ግፊቱ በጣም በወረደ ተጎጂ ላይ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር የመስጠት ዝንባሌ እንዳለው ተረጋግጧል። ማሽኑ አንዴ ነፍቶ፣ ሁለቴ ነፍቶ፣ ሦስተኛም ጀምሮ ቁጥር ካላወጣ "ተበላሽቷል" ተብሎ ወደ ጎን መገፋት የለበትም። ሁለት ጣት የእጅ አንጓ ላይ ይደረግ፤ ምቱ ቀጭን ክር ከመሰለ ወይም ከጠፋ መልሱ እዚያው ተገኝቷል። የአውራ ጣትን ጥፍር ተጭኖ መልቀቅም አንድ ምርመራ ነው፤ የነጣው ጥፍር ከሁለት ሰከንድ በላይ ሳይቀላ ከቆየ ደም ወደ ዳር እየደረሰ አይደለም።

የአተነፋፈስ ፍጥነት ደግሞ በዓለም ሁሉ ካርድ ላይ በግምት የሚጻፍ ቁጥር ነው። በሽተኛው ሁሉ "20" ይተነፍሳል። ሙሉ ደቂቃ ደረቱን እያዩ መቁጠር አሰልቺ ስለሆነ ይዘለላል፤ ነገር ግን 28 ወይም 32 ሆኖ ሲገኝ ሰውነት ኦክስጅን እንዳነሰው ቀድሞ የሚናገር እሱ ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የሚሠራበት የደቡብ አፍሪካው የትሪያጅ ዘዴ ይህን ቁጥር ከልብ ምት፣ ከግፊት፣ ከሙቀትና ከንቃት ጋር ደምሮ ተጎጂውን ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ያደርገዋል። በግምት የተጻፈ 20 ቀይ መሆን የሚገባውን ሰው ቢጫ ያደርገዋል።

ቁጥሮቹ ደግሞ ይዋሻሉ፤ በዚህ አካባቢ የሚዋሹበት የራሳቸው መንገድ አላቸው።

ጫትን እንውሰድ። በጅቡቲ መስመር ብዙ ሾፌር ሌሊቱን የሚያጋምሰው እየቃመ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር የልብ ምትንም ግፊትንም ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል። ሳይደማ ምቱ 115 የሆነ ሾፌር ሊኖር ይችላል፤ እየደማ ግፊቱ 125 ላይ የቆመለትም እንዲሁ። መልሱ ጫቱን ሰበብ አድርጎ ቁጥሩን መናቅ አይደለም። ጫት የቃመ ሰው ቁጥር ጊዜ ሲሄድ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ የሚደማ ሰው ቁጥር ግን ይብሳል። ደግሞ መለካት ሁለቱን ይለያያቸዋል።

ሁለተኛው የአርሲ ልጅ ነው። ከአሰላና ከበቆጂ አካባቢ የሚወጡ ሯጮች ዐርፈው ሲቀመጡ የልብ ምታቸው 50 ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለ ወጣት 95 የወትሮው እጥፍ ገደማ ነው፤ ካርድ ላይ ግን "ኖርማል" ተብሎ ይነበባል። የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው አዛውንት በተቃራኒው ሁልጊዜ 160 የነበረ ግፊታቸው 115 ሲሆን ክፉኛ ወርዷል፤ ልብን የሚያዘገይ መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ ደግሞ ምታቸው አይፈጥንም። ከቤተሰብ "አባባ የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ?" ብሎ መጠየቅ የትንበያው አካል ነው።

ነፍሰ ጡር ሴት ከወትሮው እስከ ግማሽ የሚደርስ ተጨማሪ ደም ስለምትሸከም ብዙ እስኪፈስ ቁጥሯ ላይለወጥ ይችላል። ሕፃናት ግፊታቸውን እስከ መጨረሻው ይዘው ቆይተው ድንገት ይወድቃሉ፤ ምታቸውም በተፈጥሮው ፈጣን ስለሆነ የአዋቂ ልክ አይሠራላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የሕፃናት ልክ ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉት 1.22ን፣ ከ7 እስከ 12 ላሉት 1ን መነሻ ያደርጋል። ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው ደግሞ የአንጎል እብጠቱ ግፊቱን ሽቅብ ገፍቶ ምቱን ስለሚያዘገየው ሆዱ ውስጥ ያለውን መድማት ይሸፍናል። ከእነዚህ አንዱም ሳይኖርባቸው እየደሙ ምታቸው የማይፈጥን ሰዎችም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተደረገ ጥናት ግፊታቸው ከወረደ ተጎጂዎች ውስጥ ከአራቱ አንዱ በላይ ምታቸው ያን ያህል ፈጣን እንዳልነበረ አሳይቷል።

ሄሞግሎቢንስ? ላቦራቶሪ ያለው ሁሉ መጀመሪያ የሚያዘው እሱን ነው። ነገር ግን ትኩስ መድማት ላይ የሚፈሰው ሙሉ ደም ነው፤ ቀዩም ውሃውም አብረው ስለሚሄዱ ውፍረቱ ወዲያው አይለወጥም። የመጀመሪያው ሄሞግሎቢን 13 መሆኑ ማጽናኛ አይደለም። በሌላ በኩል ወባ በሚመላለስበት በዚህ ቆላ አስቀድሞ ደም ያነሰው ተጎጂ 8 ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ለእሱ ትንሽ መድማትም ብዙ ነው።

ስለዚህ ፍርዱ ይህ ነው፦ ከፍ ያለ ሾክ ኢንዴክስ በቁም ነገር መወሰድ አለበት፤ ዝቅ ያለው ግን ማንንም ነጻ አያወጣም። "ምቱ ግፊቱን በልጧል" የሚለው ዐረፍተ ነገር ሰውን ለማስነሣት ይበቃል። "አልበለጠም" የሚለው ሰውን ለማስተኛት አይበቃም።

ይህ መለኪያ በኢትዮጵያ ምድር ላይ አልተሞከረም ማለት ግን አይደለም። ሙከራው የመጣው ከአደጋ ክፍል ሳይሆን ከማዋለጃ ክፍል ነው። ክሬድል የተባለ፣ በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች የተመራ ፕሮጀክት ግፊትና ምትን ለክቶ ሾክ ኢንዴክስን ራሱ አስልቶ በትራፊክ መብራት ቀለም የሚያሳይ መሣሪያ አዘጋጀ። ከ0.9 በታች አረንጓዴ፣ ከ0.9 ሲያልፍ ቢጫ፣ 1.7 ሲደርስ ቀይ። አዲስ አበባን ጨምሮ በአፍሪካ፣ በሕንድና በሄይቲ ባሉ 10 ቦታዎች ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ወሊዶችን ባካተተ ጥናት ተፈተነ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ። በእናቶች ላይ የሚደርሰው ከባድ ጉዳት ትንሽ ቀነሰ፤ ቅነሳው ከመሣሪያው የመጣ ነው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር ግን አልተቻለም። ቀይ መብራት ሲበራ የሚሰጥ ደም፣ የሚነሣ አምቡላንስ፣ የሚከፈት ቀዶ ክፍል ከሌለ መብራቱ ብቻውን ምን ያደርጋል? ለአደጋ ተጎጂም ጥያቄው አንድ ነው።

በኢትዮጵያ የደም አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በቀይ መስቀል ማኅበር ሥር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛወረ። አዳማ የራሷ የደም ባንክ አላት። የተለገሰ ደም ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል፤ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አገር ከሕዝቧ 1 በመቶ ያህል ደም እንድትሰበስብ ይመክራል፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት ኢትዮጵያ ይህ ከ1 ሚሊዮን ከረጢት በላይ ነው፤ የሚሰበሰበው ከዚያ በብዙ ያንሳል። ብዙው ለጋሽ ተማሪ ስለሆነ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ማቀዝቀዣው ይራቆታል። ያለውንም ደም የምትጋራው በወሊድ የምትደማ እናት ናት።

ከረጢቱ ኖሮም ጊዜ ይበላል። የደም ዓይነት መለየት ደቂቃዎች ነው፤ የለጋሹንና የተቀባዩን ደም አገናኝቶ መስማማቱን ማረጋገጥ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ሊወስድ ይችላል። ትንበያ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ባቱ ላይ ምቱ ግፊቱን የበለጠው ሰው መኪና ላይ ሲወጣ አዳማ ስልክ ቢደወል፣ ያ አንድ ሰዓት ከመንገዱ ሰዓት ጋር ጎን ለጎን ይሮጣል። ካልተደወለ ሁሉም ተራ ይጠባበቃል፤ መጀመሪያ መንገዱ፣ ከዚያ ወረፋው፣ ከዚያ ላቦራቶሪው፣ በመጨረሻም "ደም የለም፣ ቤተሰብ ይፈልግ"። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደምን በድሮን ወደ ሩቅ ሆስፒታሎች ስትልክ የፈታችው ይህንኑ የጊዜ ቋጠሮ ነው። ለድሮን ገንዘብ የሌለው ስልክ አለው።

ደም እስኪደርስ እጅ አጣጥፎ መቀመጥም የለም። ክራሽ-2 የተባለው፣ በ40 አገሮች 20,211 ተጎጂዎችን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለ ርካሽ መድኃኒት የሟቾችን ቁጥር ከ16 ወደ 14.5 በመቶ እንደሚያወርድ አሳይቷል። ለጥናቱ ተጎጂዎች የተመረጡት በምን ነበር? በቫይታል ሳይን። ግፊቱ ከ90 በታች የሆነ፣ ወይም ምቱ ከ110 በላይ የሆነ፣ ወይም ሐኪሙ ብዙ ይደማል ብሎ የሠጋለት። የመተሐራው ወጣት በ118 ብቻ መስፈርቱን ያሟላል። መድኃኒቱ ግን በአደጋው በ3 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ከዚያ በኋላ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። መጀመሪያ ወደ ወጌሻ ተወስዶ፣ ነገ ይሻለዋል ተብሎ ያደረ ሰው ይህ ዕድል ያመልጠዋል። ዳሌው ወይም ጭኑ የተሰበረ ሰው ያለ ቁስል አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ሊያጣ እንደሚችል ወጌሻውም፣ ሾፌሩም፣ ተሸካሚውም ቢያውቀው ሕይወት ነው።

ሕዝቡ "ግሉኮስ" የሚለው የሚንጠለጠል ፈሳሽ ላይም አስተሳሰቡ ተለውጧል። ቀድሞ ግፊት የወረደበት ሰው ሁለት ሦስት ሊትር ይፈስስለት ነበር። ቁጥሩ ለጊዜው ያምራል፤ ደሙ ግን ይቀጥናል፣ ይቀዘቅዛል፣ መርጋት ያቅተዋል። የኤቲኤልኤስ የ2018 እትም የመጀመሪያውን ፈሳሽ ወደ 1 ሊትር አውርዶታል። ለትንበያው ይህ ትርጉም አለው፤ ሦስት ሊትር ተሰጥቶት 110 ያሳየ ተጎጂ ድኗል ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ ተሸፍኗል እንጂ። ሪፈር ወረቀቱ ላይ የተሰጠው ፈሳሽ መጠን ካልተጻፈ አዳማ የሚቀበለው ሐኪም የተሸፈነውን ቁጥር እውነት ብሎ ያነብበዋል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ሙያው በአገሪቱ ገና ወጣት ነው። የዚህ አካባቢ ሐኪሞችና ነርሶች ከውጭ የመጣውን 0.9 እና 1 በራሳቸው ተጎጂዎች፣ በጫቱ፣ በወባው፣ በመንገዱ ርዝመት ላይ ፈትነው የራሳቸውን ልክ ማውጣት ይችላሉ፤ ለዚያም ከካርድ፣ ከእስክሪብቶና ከሰዓት ሌላ ብዙ አያስፈልጋቸውም። የጤና ቢሮዎች ደግሞ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ሦስት መስመር ቢጨምሩ ይበቃል፦ ምት፣ ግፊት፣ የተለካበት ሰዓት፤ ለመጀመሪያው፣ ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛው ልኬት። ከሥሩም የተቀባዩ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ስልክ ቁጥር።

ከአንባቢ የሚጠበቀው ደግሞ ክንድ ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ከ45 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ ደም መለገስ ይችላል። አንድ ከረጢት ግማሽ ሊትር አይሞላም፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቆየውም 35 ቀን ገደማ ነው። ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ክረምት አዳማ ደም ባንክ ጎራ የሚል ሰው ያስፈልጋል።